«እርስዎ» በሌለበት ቋንቋ በትህትና መጠየቅ

እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ስለ መጠየቅ ነው። ትልልቅ ጥያቄዎችን ማለቴ አይደለም። መንገድ መጠየቅ፣ ፋይል እንዲላክልን መጠየቅ፣ ስልክ ላይ የደወለውን ሰው ማንነት መጠየቅ፤ የዕለት ተዕለቱን ማለቴ ነው።

በአንዲት ተማሪዬ ልጀምር። አዲስ ሥራ ጀምራ ከአለቃዋ ጋር የምትጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ፋይል ስትፈልግ «ሴንድ ሚ ዘ ፋይል፣ ፕሊዝ» ብላ ትጽፋለች። ያልገባት ነገር ሲኖር «ኤክስፕሌን ዚስ፣ ፕሊዝ» ትላለች። በሁለተኛው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ለብቻዋ ወሰደቻትና «አለቃችንን ለምንድን ነው የምታዢው?» አለቻት። ልጅቷ ክው አለች። እሷን የሚያውቅ ሁሉ የሚመሰክረው ሰው አክባሪነቷን ነው። በልቧ የነበረው «ፋይሉን ይላኩልኝ»፣ «ይህን ያስረዱኝ» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ ምን ነውር አለ? ምንም።

ታዲያ አክብሮቷ የት ጠፋ? ትርጉሙ ላይ ነው የጠፋው። «ይላኩልኝ» ስንል አክብሮቱ ያለው ግሱ ላይ ነው። «ላክልኝ»፣ «ላኪልኝ»፣ «ይላኩልኝ» ሦስቱም ትእዛዝ ናቸው፤ ግን ሦስተኛው ትእዛዝ ሆኖ ሳለ አክብሮት ነው። ያቺ ከፊት ያለችው «ይ» እና ከኋላ ያለችው «ኡ» ሁሉን ነገር ይሸከማሉ። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱም ይረግፋሉ። «ላክልኝ»ም «ይላኩልኝ»ም ያው «ሴንድ ሚ» ይሆናሉ። የሚቀረው ትእዛዙ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ የምትለጠፈው «ፕሊዝ» ደግሞ የምናስበውን ያህል አቅም የላትም። «ፕሊዝ» ትእዛዝን ለስለስ ያለ ትእዛዝ ታደርገዋለች እንጂ ጥያቄ አታደርገውም።

የእንግሊዝኛ «ዩ» ታሪክ ራሱ ደስ የሚል ነው። ድሮ እንግሊዝኛም እንደኛ ሁለት ነበረው። ለአንድ ሰው፣ ለቅርብ ሰው «ዛው» ይባል ነበር። «ዩ» ደግሞ ለብዙ ሰው ነበር፤ ከዚያ በመካከለኛው ዘመን ለአንድ የተከበረ ሰውም «ዩ» ማለት ተለመደ። የኛን «አንቱ» አስቡት። ቀስ በቀስ ሰዉ ሁሉ «ዩ» መባል ጀመረ፣ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስም «ዛው» ከተለመደው ንግግር ወጣ። ስለዚህ ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉንም ሰው «አንቱ» ነው የሚለው ማለት ትችላላችሁ። ሕፃኑንም፣ ዳኛውንም፣ ውሻውንም። ሁሉም ሰው «አንቱ» ሲሆን ደግሞ «አንቱ» ማለት ምንም አይናገርም። አክብሮት ሌላ ቤት መፈለግ ነበረበት። ያገኘውም የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ነው።

ይህን አሠራር ከዜሮ አትማሩትም፤ አማርኛ ውስጥ አለላችሁ። እኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እስቲ አጠገባችሁ የተቀመጠውን የማታውቁትን ሰው ትንሽ እንዲጠጋላችሁ ጠይቁት። ምን ትላላችሁ? «ትንሽ ብትጠጋልኝ?» አይደል? «ባትቸገር ያንን ብታቀብለኝ?» ትላላችሁ። «ብት» የምትለዋ ነገር ትእዛዙን ታነሳዋለች። ሰውየው እንቢ የማለት መብት ያገኛል። እንግሊዝኛው «ኩድ ዩ» እና «ውድ ዩ» ሥራቸው ይኸው ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፋይል?» ማለት «ፋይሉን ብትልክልኝ?» ማለት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ከመጠየቃችሁ በፊት በልባችሁ ያለውን አማርኛ ቀይሩት። «ይላኩልኝ»ን አትተርጉሙ። «ቢልኩልኝ»ን ተርጉሙ። አፋችሁ ላይ የሚመጣው «ኩድ ዩ» ይሆናል።

ሁለተኛው ደግሞ «ነበር» ነው። አንድ ትልቅ ሰው ጋ ሄዳችሁ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ትላላችሁ። መቼ ነው የፈለጋችሁት? አሁን ነው። ግን «ነበር» ስትሉ ፍላጎታችሁን ወደ ኋላ ትገፉታላችሁ፣ ለሰውየው ቦታ ትለቃላችሁ። እንግሊዝኛም ቁርጥ ይህንኑ ያደርጋል። «አይ ዎንትድ ቱ አስክ ዩ ሰምሲንግ» ይላል። ከዚያም ከበድ ላለ ነገር «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ» ይላል፤ «ብትረዳኝ ብዬ አስቤ ነበር» እንደ ማለት። «ኩድ» ራሱ የ«ካን» የኃላፊ ጊዜ መልክ ነው፣ «ውድ»ም የ«ዊል»። ሁለቱም ቋንቋዎች ያለፈውን ጊዜ ለርቀት ይጠቀሙበታል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። በዘርም በቦታም የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች አንድ ዘዴ ላይ ተገናኝተዋል።

ታዲያ ሁልጊዜ ረጅሙን እንጠቀም? አይሆንም። ጓደኛችሁን እስክሪብቶ ለመዋስ «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ...» ብትሉት የተቀየማችሁት ይመስለዋል። ፔኔሎፒ ብራውን እና ስቲቨን ሌቪንሰን የሚባሉ ሁለት የቋንቋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመውት፣ በ1987 ደግሞ በመጽሐፍ ባወጡት ሥራቸው ሦስት ነገሮችን መዝኑ ይላሉ። አንደኛ፣ በመካከላችሁ ያለው ርቀት። ሁለተኛ፣ የሥልጣን ልዩነት። ሦስተኛ፣ የምትጠይቁት ነገር ክብደት። ሦስቱ በጨመሩ ቁጥር ጥያቄው ይረዝማል። ለጓደኛ «ካን ዩ ፓስ ሚ ዛት ፔን?» ይበቃል፤ «ካን» ብልግና አይደለም። ለማታውቁት ሰው «ኩድ ዩ» በሉ። ሰውየውን ግማሽ ቀን የሚያስቸግር ነገር ከሆነ «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ»ን አውጡት። እኔ ግራ ለሚገባው ሰው የምመክረው «ኩድ»ን ነው። የትም አያሳፍርም።

ራሳችሁ የሆነ ነገር ስትፈልጉም ያው ነው። «አይ ዎንት ኤ ቲኬት» ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ጆሮ ላይ ግን ሸካራ ነው። «ኩድ አይ ሃቭ ኤ ቲኬት፣ ፕሊዝ?» ወይም «አይድ ላይክ ኤ ቲኬት፣ ፕሊዝ» በሉ። «ፕሊዝ» እዚህ ቦታዋን አገኘች ማለት ነው፤ ጥያቄ ላይ ስትጨመር ታምራለች።

አሁን ወደ ሰዋስው ልግባ። አትፍሩ፣ እዚህም አማርኛችሁ ያግዛችኋል።

መንገድ ላይ ሰው አስቁማችሁ ጣቢያውን ትጠይቃላችሁ እንበል። «ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን?» ትክክል ነው። ግን ድንገት የሚወረወር ጥያቄ ነው። ለስለስ ለማድረግ «ኤክስኪውዝ ሚ፣ ኩድ ዩ ቴል ሚ...» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ቀጥሎ ብዙ ሰው «ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን» ይላል። ስህተቱ እዚህ ነው። ትክክሉ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ስቴሽን ኢዝ?» ነው። «ኢዝ» ወደ መጨረሻ ሄዳለች። ለምን? አማርኛውን ስሙት። «ጣቢያው የት ነው?» ብቻውን ይቆማል። «ይነግሩኛል?» ስትጨምሩበት ግን «ጣቢያው የት ነው ይነግሩኛል?» አትሉም። «ጣቢያው የት እንደሆነ ይነግሩኛል?» ትላላችሁ። «ነው» ወደ «እንደሆነ» ተለወጠ። ጥያቄው በሌላ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ቋንቋዎች የውስጡን ጥያቄ ቅርጽ ይለውጣሉ። አማርኛ ቃሉን ይለውጣል፣ እንግሊዝኛ ቅደም ተከተሉን ያቃናል። ስለዚህ በልባችሁ «እንደሆነ» ወይም «እንደ» ካላችሁ እንግሊዝኛውን አቃኑት። «መቼ እንደሚከፈት ያውቃሉ?» ከሆነ «ዱ ዩ ኖው ዌን ኢት ኦፕንስ?» ነው። «ዌን ዳዝ ኢት ኦፕን» አይባልም። የጥያቄ ቃል ከሌለ ደግሞ «ኢፍ» ትገባለች፦ «ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዚስ በስ ጎዝ ቱ ዘ ኤርፖርት?» ይህ አውቶቡስ ወደ ኤርፖርት ይሄድ እንደሆነ ያውቃሉ?

ሌላው ብዙ የሚያስቸግረው «ዲድ» ነው። በመጀመሪያ ቀላሉን ልጥቀስ። «ዲድ ዩ ዌንት?» የሚል ሰው በየቀኑ እሰማለሁ። እንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜን በአንድ ጥያቄ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የሚናገረው። «ዲድ» ከተናገረችው ግሱ ያርፋል፦ «ዲድ ዩ ጎ?»

ከባዱ «ዲድ» መቼ ትገባለች፣ መቼ ትቀራለች የሚለው ነው። «ሁ ኮልድ ዩ?» ይባላል፣ «ዲድ» የለም። «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ይባላል፣ «ዲድ» አለ። ሁለቱም በ«ሁ» ይጀምራሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በአማርኛ አስቡት። የመጀመሪያው «ማን ጠራህ?» ነው። ሁለተኛው «ማንን ጠራህ?» ነው። አያችኋት ያቺን «ን»? እንግሊዝኛ «ን» የለውም። ስለዚህ «ማን» ከሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ «ማንን» ከሆነ «ዲድ»ን ይጠራል። አንድ ተማሪዬ ይህን ከሰማ በኋላ «ለስምንት ዓመት በግምት ነበር የምሠራው» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ በራሱ ቋንቋ ያስረዳው ሰው አልነበረም።

የጥያቄ ቃላችንም አንዳንዴ አይገጥምም። እኛ ስም ስንጠይቅ «ስምህ ማን ነው?» እንላለን። እንግሊዝኛ ስምን እንደ ነገር ነው የሚቆጥረው፤ «ሁ» ሳይሆን «ዋት» ይላል። «ስንት» ደግሞ ሁለት ይሆናል፤ ለሚቆጠር «ሃው ሜኒ»፣ ለማይቆጠርና ለዋጋ «ሃው ማች»። «ስንተኛ» የሚለው ቃላችን ጭራሽ አቻ የለውም። «ለቤተሰብህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» የሚለውን ለመተርጎም የተሟገቱ ሰዎች ብዙ ሰዓት አጥፍተዋል። አትሟገቱ። «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብላችሁ ጀምሩ፣ የቀረውን ሰውየው ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ ስለ መልስ። ስለ ጥያቄ እያወራን ወደ መልስ መሄዴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄው የሚበላሸው መልሱ ላይ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ደብዳቤው አልደረሰህም?» ብለው ጠየቁህ። አልደረሰህም። በአማርኛ «አዎ፣ አልደረሰኝም» ትላለህ። «አዎ» የምትለው ጠያቂው ያለው ልክ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዲድንት ዩ ጌት ዘ ሌተር?» ለሚል «የስ» ብለህ ዝም ካልክ «ደርሶኛል» ማለትህ ነው። እንግሊዝኛ ከጠያቂው ጋር አይስማማም፤ የሚያየው ነገሩ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ብቻ ነው። ካልደረሰህ «ኖ፣ አይ ዲድንት»፤ ከደረሰህ «የስ፣ አይ ዲድ»። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ ሰዎች ሳያውቁት ዋሽተው ሲገኙ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። መፍትሔው ቀላል ነው። «የስ» ወይም «ኖ» ብላችሁ አታቁሙ። ሁልጊዜ ጅራቱን ጨምሩ። ጅራቱ ያድናችኋል።

«ውድ ዩ ማይንድ»ም እዚሁ ይገባል። «ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ሲሏችሁ ለመተባበር ፈልጋችሁ «የስ!» ካላችሁ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብላችኋል። «ማይንድ»ን «ቅር ማለት» ብላችሁ ያዙት። «መስኮቱን ብትከፍቱልኝ ቅር ይላችኋል?» ቢሏችሁ በአማርኛም «ኧረ በጭራሽ» ነው የምትሉት። በእንግሊዝኛም «ኖ፣ ኖት አት ኦል»። ስትጠይቁ ደግሞ ከ«ማይንድ» በኋላ ግሱ «ኢንግ» ይፈልጋል፤ «ቱ ኦፕን» አይባልም።

«አይደል?» የምንለውንም ላንሳ። አማርኛ አንዷን «አይደል» ለሁሉም ይጠቀማል። ትመጣለህ አይደል፣ ትሠራለች አይደል፣ ሄደዋል አይደል። ብዙዎቻችን ይህን ይዘን «ኢዝንት ኢት»ን የትም እንለጥፋለን። እንግሊዝኛ ግን ጅራቱን ከግሱ ነው የሚቆርጠው፦ «ሺ ወርክስ ሂር፣ ዳዝንት ሺ?»፣ «ዩ አር ካሚንግ፣ አርንት ዩ?»። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። እስኪለመድ ድረስ «ራይት?» ብትሉ ይበቃል፤ በተራ ንግግር ማንም አይታዘባችሁም።

ድምፅንም አልዘልለውም። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን ሳይነካ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጠየቅ ይችላል። «እዚህ ትኖራለህ?» ሙሉ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝኛ «ዩ ሊቭ ሂር?» ብትሉ ይገባል፣ ግን ትርጉሙ ይዞራል። «እንዴ! እዚህ ነው እንዴ የምትኖረው?» ይመስላል። መገረም ወይም ጥርጣሬ አለበት። አዲስ ነገር ስትጠይቁ «ዱ ዩ ሊቭ ሂር?» በሉ። ድምፅም ሲሆን «የስ» ወይም «ኖ» የሚመለስለት ጥያቄ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፣ በ«ዌር» እና በ«ዋት» የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

«ዋይ» የሚለውን ቃል ደግሞ በጥንቃቄ ያዙት። እኛ «ለምን ዘገየህ?» እና «ምነው ዘገየህ?» የሚሉ ሁለት አሉን። የመጀመሪያው ይከሳል፣ ሁለተኛው ያስባል። «ዋይ አር ዩ ሌት?» የመጀመሪያው ነው። «ምነው» ለማለት ከፈለጋችሁ «ኢዝ ኤቭሪሲንግ ኦኬ?» በሉ። ቃሉ ሌላ ነው፣ ልቡ ግን አንድ ነው። «ዋይ ዲድ ዩ ካም?» ለእንግዳ አይባልም። «ዋት ብሪንግስ ዩ ሂር?» ይባላል።

ስልክ ላይ ስንሆን የኛ ቋንቋ እንዴት የጨዋ እንደሆነ ተመልከቱ። «ማን ነህ?» አንልም። «ማን ልበል?» እንላለን። ራሳችንን ነው ጥያቄው ውስጥ የምናስገባው፤ «ማን ብዬ ልጥራዎት» እንደ ማለት። የእንግሊዝኛው አቻ «ሜይ አይ አስክ ሁዝ ኮሊንግ?» ነው። እሱም ራሱን ነው ያስገባው። «ሁ አር ዩ?» ግን ያው «ማን ነህ አንተ?» ነው፣ ጠብ ያለበት።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ወጣት ከወንበሩ ተነስቶ የጠየቀኝን እዚህ ላስገባ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ጥያቄውን አሳምሬ ጠየቅኩ እንበል። ሰውየው በፍጥነት መለሰልኝ፣ ምንም አልገባኝም። አሁንስ?» አለ።

ያልሰማችሁትን ለማስደገም በአማርኛ ምን ትላላችሁ? ትልቅ ሰው «ምን?» አይባልም። «አቤት?» ይባላል። «ዋት?» ማለት «ምን?» ነው። «ሶሪ?» ወይም «ፓርደን?» ማለት «አቤት?» ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት። ፍጥነቱ ካስቸገራችሁ «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አ ሊትል ሞር ስሎውሊ፣ ፕሊዝ?» በሉ። ገባኝ ብላችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አትሂዱ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሁለተኛ ጊዜም ሙሉ በሙሉ ካልገባችሁ የገባችሁን ክፍል ራሳችሁ መልሳችሁ ጠይቁት፦ «ሶ አይ ተርን ሌፍት ሂር፣ ራይት?» ወጣቱ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አላት፤ ሦስተኛዋ ላይ «ራይት» የምትለዋን ልክ እንደ «አይደል?» ከፍ አድርጎ ጨረሳት።